ከ«አበቃ» በኋላ ያለው ፊት

መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቹን ነው። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና አመልካች ጣት አየሩን ቆንጠጥ ያደርጉና ወደ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ይሉታል። ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው መስሎኝ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ቆሞ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁትን ሰዎች ያያል። ቀረብ ብዬ ሳየው ገባኝ። ከተሰለፉት መካከል የአንዱ ሰውዬ ኮሌታ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ያንን ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው ኮሌታ ከሃያ ሜትር ርቀት፣ በአየር ላይ፣ እያስተካከለለት ነበር።

በቤተ መጻሕፍቱ የሚሰበሰበው የፎቶ ማኅበር ልጆች «ጋሼ አገጭ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ሲያነሳ «አገጭ ቀና!» ያላትን ቢቆጥሯት ከከተማው ሕዝብ ቁጥር ትበልጣለች። ፎቶ ቤቱ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ እንዳትጠፋ በሲባጎ የታሰረች ማበጠሪያና አንዲት ጥቁር ኮት ነበሩት። ኮቷ ኮት ለሌለው ሁሉ ናት። ቀጭን ሰው ሲለብሳት ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ትያዛለች፤ ወፍራም ሲለብሳት ደግሞ የጀርባ ስፌቷ ሆን ተብሎ የተተረተረ ስለሆነ እንደ መጋረጃ ትከፈትለታለች። ከፊት ሲያዩዋት ግን ለሁሉም ልክ ናት። ግማሹ ከተማ መታወቂያው ላይ ያችኑ ኮት ለብሷል።

«ፖሊስ መታወቂያ ቢሰበስብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብሎ ያስራቸዋል፤» ይላል እየሳቀ።

ከዚያ በየሰው ኪስ ካሜራ ያለው ስልክ ገባ። መሥሪያ ቤቶቹም ፎቶውን እዚያው መስኮታቸው ላይ ማንሳት ጀመሩ። ፎቶ ቤቱ ተዘጋና የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነ። በሌላ ከተማ ነርስ የሆነች ልጁ፣ አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያፍተለትል አይታ አንዲት ትንሽ ካሜራ ላከችለት። ካሜራዋ ስትደርስ ሚስቱ ያለችው አሁንም በቤቱ ይጠቀሳል። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ወደ አንተ መጣ፤ አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ነው፣ ሂድ ወደ ሰው!»

እኔ ያወቅሁት የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስለ ከተማው መንገዶች የፎቶ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ ነው። አሥራ ሁለት ፎቶዎች ይሰቀላሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። አሥራ አንዱ ተመርጠዋል። አሥራ ሁለተኛው ቦታ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለጋሼ አገጭ ተይዟል። የአዳራሹ ኃላፊ ቀጥተኛ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው ቦታውን ያቆየሁት፤» አለችው። «ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አልቀበልም። ሰው ሳይዘጋጅ፣ እንደሆነው ሆኖ ይሁን።»

«እንደሆነው ሆኖ፤» አለ እሱ፣ የማያውቀው መድኃኒት እንደታዘዘለት ሰው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በአራት ወር ውስጥ ሰባት መቶ ያህል ሰው አንስቷል። ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ የሰዓት ጠጋኝ፣ የመንገድ ጠራጊ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የፎቅ መስታወት የሚያጸዳ። ሁሉም ግን ቀጥ ብለው፣ ኮሌታቸው ተስተካክሎ፣ አገጫቸው ቀና ብሎ ፊት ለፊት ያያሉ። መስታወት አጽጂው እንኳ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንደተንጠለጠለ ዞሮ፣ ባልዲውን ከጎኑ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙን ቆልፎ ነው የተነሳው። «ወንድሜ፣ ዞር በልልኝ!» ብሎ ከታች ጮኾለት ነው አሉ።

ከማኅበሩ ልጆች ተረበኛው ይሄን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ የመንገድ ፎቶ አይደለም፤ የመንገድ መታወቂያ ነው! ቁጥር ብቻ ነው የቀረው!»

ጋሼ አገጭም አብሮ ሳቀ። ልጆቹ ሲሄዱ ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ኪስ ውስጥ። መሳቢያ ውስጥ። መዝገብ ላይ በስቴፕለር ተመትቶ። አንዲት ፎቶዬ እንኳ ሰው ቆሞ እንዲያያት ተብላ ግድግዳ ላይ ወጥታ አታውቅም። አንዲት ብትሰቀልልኝ ደስ ይለኛል፤ አንዲት።»

ረቡዕ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው መፈለግ ይህን ያህል ዕውቀት እንዳለው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ወደበዛበት ገበያ ይሮጥ እንደነበር ነገረኝ። «ሰው ሲበዛ ሰው አይታይም፤» አለኝ። ስለዚህ አሁን የሚሄደው ሰው ወደሚጠብቅበት ቦታ ነው፤ አውቶቡስ ወደሚጠበቅበት፣ የክሊኒክ ደጃፍ፣ ቁልፍ የሚቀረጽበት ጥግ። «የሚሄድ ሰው ፊቱን ይዞት ይሄዳል። የሚጠብቅ ሰው ግን ያስቀምጠዋል።»

ብርሃኑንም ያውቀዋል። ከባንኩ ሕንፃ ማዶ ያለው የእግረኛ መንገድ ጠዋት ሙሉ ጥላ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ የባንኩን መስታወት መታ አድርጋ ትነጥርና እዚያ ጥላ ላይ እንደ አንሶላ የተዘረጋች ብርሃን ታሳርፋለች። ብርሃኗ ከፀጉር አስተካካዩ በር ተነስታ እስከ መሻገሪያ ድልድዩ ሥር ቀስ እያለች ትሄዳለች። እሱ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚያውቅ ሰው የእሷን ሰዓት ያውቃል። በዚያ መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም!

ያን ዕለት ሁለት ሰዎች ትልቅ መስታወት ተሸክመው መንገድ ሲያቋርጡ አየን። መስታወቱ ውስጥ ሰማይ አለ፣ የአውቶቡስ ጣሪያ አለ፣ ከሥሩ አራት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ሰማዩ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሻገር ይመስል ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ። ጋሼ አገጭ ካሜራውን አነሳ።

«ወንድሞቼ!» ብሎ ተጣራ። «አንድ ጊዜ ቁሙልኝ!»

መስታወቱን አወረዱት። ላባቸውን ጠረጉ። አንደኛው የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። እንደ ባንክ ዘበኛ በግራና በቀኝ ቆሙ። መስታወቱ ዘንበል ስላለ ውስጡ አስፋልትና የጋሼ አገጭ ጉልበት ብቻ ቀረ።

«አገጭ ቀና! እንዲያ። አበቃ! እግዜር ይስጥልኝ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ «ጋሼ፣ ለምን ጠራሃቸው?» አልኩት።

«ፊቱ ላይ ላብ ነበር እኮ!» አለ በመገረም። «ሰው እንዲያ ሆኖ ይነሳል እንዴ?» የራሱን ጣቶች አየ። «እኔስ ምን ላድርጋቸው? ሳላስተካክል ማንሳት፣ ሳያላምጡ መዋጥ ነው የሚሆንብኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጠራኝ። ሁለት ክፍል ናት። አንደኛዋ ውስጥ የፎቶ ቤቱ ወንበርና መስታወት አሉ፤ ኮቷም ከበሩ ኋላ ተሰቅላለች። ሚስቱ ሻይ ቀድታ ከጎኑ ተቀመጠችና በካሜራው ትንሽ መስኮት ፎቶዎቹን ማየት ጀመረች። እሷም ፎቶ ቤት ውስጥ አብራው ስትሠራ የኖረች ናት፤ የሴቶቹን ፀጉር የምታስተካክለው እሷ ነበረች። ብዙ ካየች በኋላ መነጽሯን አወለቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተ ሰዎች ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። መቼ ነው የሚተነፍሱት?»

«አበቃ ስላቸው ነዋ።»

«እና ያኔ አንተ የት ነህ?»

«ካሜራዬን ሳወርድ…» ብሎ ቆመ።

ሻዩን አስቀመጠው። ከዚያ እንዲህ ሲል ነገረን፦ «ሁልጊዜ ሌላ ፊት ነበር። አበቃ ስል ትከሻው ይወርዳል፤ ከንፈሩ ይፈታል፤ ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል! በየቀኑ ሠላሳ አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፊልም ውድ ነበር። ለዚያ ፊት ማን ፊልም ያባክናል?»

«አሁን ፊልም የለው፤» አለች ሚስቱ። «ምን ያንቀዠቅዥሃል? እንደ ልማድህ አስተካክላቸው፤ አገጫቸውንም አቃና። አበቃ በላቸው። ከዚያ ሁለተኛዋን አንሳ።»

ይህን ብላ ስኒዎቹን ለማንሳት ተነሳች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ሥር ነበርን። እዚያ አንዲት ባለሚዛን ሴት ትቀመጣለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከፊቷ የሰው መመዘኛ ሚዛን በጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ሰሐን ታጥበዋለች። ብርሃኗ የሰዓት ጠጋኙን በር አልፋ ወደ እሷ እየተጠጋች ነበር።

«እህቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳሽ?»

«መጀመሪያ ተመዘን።»

ሚዛኑ ላይ ወጣ። ቁልቁል አየችና ወደ ላይ አየችው። «ካሜራውን ለሷ ስጣት። አንተን ነው የምመዝነው፣ ዕቃህን አይደለም።» ካሜራውን ሰጠኝ። እንደገና አየች። «ውይ! ካሜራው ነው ለካ የሚከብደው፤ አንተማ አጥንትህ ብቻ ነው። ሚስት የለህም?»

«አለች። እሷም እንዲሁ ትለኛለች።»

ብርሃኗ ደረሰች። ሴትየዋ ተነሳች፤ ሹራቧን ወደ ታች ሳበች፤ ሻሿን አስተካከለች። እሱ ደግሞ ጠጋ ብሎ የሹራቡን ኮሌታ ቀና አደረገላት። «አገጭ ቀና። ትንሽ ወደ እኔ። ዓይን እዚህ ጋ።» ካሜራው ቀጭ አለ። «አበቃ! እግዜር ይስጥልኝ።»

ካሜራውን ወደ ደረቱ አወረደ። እዚያው ደረቱ ላይ እንዳለ፣ ሳያነጣጥር፣ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ።

ከድልድዩ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሁለተኛዋን ፎቶ በካሜራው መስኮት አየናት። ሴትየዋ ተመልሳ ልትቀመጥ ጎንበስ ብላለች። አንድ እጇ ሚዛኑ ላይ አርፏል፤ እናት የተኛ ሕፃን ጀርባ ላይ እጇን እንደምታሳርፈው። ትከሻዋ ወርዷል። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ግን የትም አያዩም። ብርሃኗ ግማሽ ፊቷን ብቻ ይዛለች፤ ከኋላዋ የሚያልፉት ሰዎች ሁሉ ጥላ ናቸው። ፎቶ እንዲህ ዝም ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«አገኘሃት፣ ጋሼ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «እንሂድ፤ ገና ጠዋት ነው፣ እንሰጣታለን።»

አልተነሳም። «መጀመሪያ ይታተሙ፤» አለ። «ሁለቱንም ላሳያት። አበቃ ብያት ነው እኮ ያነሳኋት።»

ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ስለነበረው የተመለስነው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ሰጣት። የመጀመሪያዋን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወይ ጉድ! ሰው መስያለሁ እኮ! እህቴ ብታየኝ!» ከዚያ ሁለተኛዋን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ገልብጣ ጀርባዋንም አየች፣ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። «ይቺ መቼ ናት?»

«ከአበቃ በኋላ።»

«አበቃ አልከኝ እኮ።»

«አዎ።»

«ካበቃ አበቃ ነዋ!»

እሱ ጎንበስ ብሎ በሚዛኑ ፊት ቁጢጥ አለ። ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራት፤ አዳራሹን፣ አሥራ ሁለተኛውን ቦታ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚዘጋ። «ይቺ ናት የምትፈለገው። የክንድ ያህል ሆና ትሰቀላለች። ሰው ቆሞ ያያታል።»

«ያችኛዋስ?»

«አይቀበሏትም።»

«ምን ጎደላት?»

«ተዘጋጅተሽባታል ይላሉ።»

«እንዴ!» አለች። «ከተማው ሁሉ ሊያየኝ ነው፤ ልዘጋጅ አይደል እንዴ?»

እኔ ሳቄ መጣ፤ ጋሼ አገጭ ግን አልሳቀም። የእሱም የሠላሳ አንድ ዓመት እምነት ይኸው ነበርና። ሴትየዋ ሁለተኛዋን ፎቶ እንደገና ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ግን ምን አይተህባት ነው?»

«እጅሽን አየሁ፤» አለ። «ሚዛኑን እንዴት እንደያዝሽው። ትከሻሽን። ቆንጆ ናት። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ ትበልጣለች።»

አንድ ሰውዬ መጥቶ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ቁጥሩን ነገረችው፣ ሄደ።

«ይሄ ድካም ነው፤» አለች ቀስ ብላ፣ ያለ አንዳች ቁጣ። «ማታ ስገባ በር ላይ ነው አራግፌው የምገባው። ልጆቼ አያውቁትም። እናታችን ተቀምጣ ነው የምትውል፣ ሥራዋ ቀላል ነው ነው የሚሉት፤ እኔም እንዲያ እንዲሉ ነው የምፈልገው። ጓደኞቻቸው አይተው ቢነግሯቸውስ?»

ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ኮሌታ ፍለጋ መሰለኝ፤ የሚይዙት ግን አላገኙም።

«አልሰቅላትም፤» አለ።

«ማልልኝ አልልህም።»

«አትበይኝ። ያቻት፣ ያንቺው ናት።» ካሜራውን አውጥቶ እያየችው ሁለተኛዋን ፎቶ አጠፋት።

ሴትየዋ የታተመችውን አልቀደደቻትም። አጣጥፋ ከሚዛኑ ጨርቅ ሥር አስገባቻት። የመጀመሪያዋን ግን እጇን ዘርግታ ወደ ብርሃኑ ይዛ እንደገና አደነቀቻት።

«ይቺን ትንሽ አድርግልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባ። ይሄ ሁሉ ትልቅ ለምን ይሆነኛል?»

«ነገ ጠዋት አመጣልሻለሁ።»

በመንገድ ላይ ብዙ ለመንኩት። ፎቶዋ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሳትቀር አትቀርም፤ ሴትየዋ ቤተ መጻሕፍት ረግጣ አታውቅም፤ ልጆቿም ላያዩ ይችላሉ፤ ማን ያውቃል? እስክጨርስ ሰማኝ።

«ልጄ፣ ሰው እኔ ጋ ይመጣ የነበረው ለምንድን ነው?» አለኝ። «ካሜራ ስላለኝ አይደለም። ደህና ያልወጣበትን ፎቶ ቀድጄ እንደምጥል ስለሚያውቅ ነው። አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን የጨፈነበትን ፎቶ ለሰው አሳይቼ አላውቅም።»

አዳራሹ ስንደርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ኃላፊዋ መሰላል ላይ ቆማ ሚስማር የሚመታውን ሠራተኛ ታዝ ነበር። አሥራ አንዱ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ በጫፉ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ።

«ጋሼ! አመጡልኝ?»

«የለኝም።»

ከመሰላሉ ወረደች። «ምንም? አርባ ደቂቃ አለዎት እኮ።»

«በአርባ ደቂቃ ማንሳትማ ይነሳል፤ ሰው ማግኘት ነው የማይቻለው፤» አለ። ባዶውን ቦታ ቆም ብሎ አየው፤ ጠጋ ብሎም የግድግዳውን ቀለም በመዳፉ ነካው። «ለዚያ ለተረበኛው ልጅ ስጪው። አንዲት ፎቶ አለችው፣ ዘበኛውና ውሻው በአንድ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸው። ሲያነሳት ሳይስቅ አልቀረም፤ እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ግን ጥሩ ናት።»

ኃላፊዋ ወደ እኔ አየች።

እስከ ደጃፉ ሸኘሁት። የቀኑ ብርሃን መለስ ብሏል፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል።

«ጋሼ፣ አላዘንክም?»

«አዝኛለሁ እንጂ! ምን መሰልኩሽ፣ ድንጋይ ነኝ?» የካሜራውን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ሚስቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። እሑድ ዐውደ ርእዩ ሲከፈት ሁሉም ተሰልፈው ሊመጡልሽ ነው።»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«ይምጡ። አሥራ ሁለት ፎቶ አለ፤ ምን ይከፋል? አዙሬ አሳያቸዋለሁ።» ሰዓቱን አየና ደነገጠ። «ማተሚያ ቤቱ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። ያቺ ሴት ነገ ጠዋት ትጠብቀኛለች።»

ደረጃውን ወረደ። መብራቱ ቀይ ስለነበር ከሚሻገሩት ሰዎች መካከል ቆመ፤ ከአንድ ከረጢት ከያዘ ሰውዬና ከሁለት ተማሪዎች ጋር። አረንጓዴው ሲበራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ። እሱ ከኋላ ቀረ፤ ከዚያ እንደ ወጣት ሮጥ ሮጥ ብሎ መኪኖቹ ሳይነሱ ተሻገረ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋ ታጠፈና ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ።